ቀኑ የማን ነው?

በ2016 ጳጉሜን የሚዲያ አገልግሎት ልጆቻችን ላፕቶፕና የታተመ ወረቀት ይዘው ወደ ሽማግሌዎች ስብሰባ ገቡ። የአዲሱን ዓመት ዕቅድ በሰንጠረዥ ሠርተው ነበር። በአንደኛው ዓምድ በየወሩ የሚታሰቡት ቀኖች፣ በሁለተኛው ለቀኑ የሚሆነው ጥቅስ፣ በሦስተኛው ፖስተሩን የሚሠራው ልጅ ስም፣ በአራተኛው በቴሌግራም ቻናላችንና በፌስቡክ ገጻችን የሚለጠፍበት ሰዓት። የአረጋውያን ቀን፣ የመምህራን ቀን፣ የምግብ ቀን፣ የአካል ጉዳተኞች ቀን፣ የሴቶች ቀን፣ የውኃ ቀን፤ በመካከላቸው እንቁጣጣሽ፣ የተሐድሶ መታሰቢያ፣ ገና፣ ስቅለት፣ ትንሣኤ። ሲቆጠሩ 63 ሆኑ።

ደስ አለን፤ ይህን አንክድም። እስከዚያ ቀን ድረስ በገጻችን ላይ የሚወጣው የእሑድ ፕሮግራም ሰዓትና የለቅሶ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ልጆቹ ያቀረቡት ምክንያትም የሚናቅ አልነበረም። "ሰው በዚያ ቀን ስለዚያ ጉዳይ ያወራል፤ ወሬው ባለበት የእግዚአብሔር ቃል ይገኝ" አሉን። ጳውሎስ በአቴና ገበያ ከሚያገኛቸው ሁሉ ጋር ይነጋገር እንደ ነበር (ሐዋ. 17፥17) አንዷ አስታወሰችን፤ አሁን ገበያው ስልክ ውስጥ ነው ማለቷ ነው።

እኛ የጠየቅነው ስለ ወጪውና ስለ ቀኖቹ ትክክለኛነት ብቻ ነበር። በሁለተኛው ላይ እንኳ ስሕተት አገኘን። ልጆቹ ቀኖቹን የቀዱት ከ2016 ስለ ነበር ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት በአንድ ቀን ይቀድሙ ነበር። ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን በማግስቱ የሚገባው ዓመት ከፈረንጁ አቆጣጠር ጋር በአንድ ቀን ይዛነፋል፤ በ2016 ገና ታኅሣሥ 28 የዋለውም ለዚህ ነው። የመምህራን ቀን መስከረም 24 ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ወደ 25 አረምነው። ይህን በማረማችን ዕቅዱን በሚገባ የመረመርን መሰለን።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወረቀቱን ሲያይ ሳቀና "አያቴ በየወሩ 12ን ለሚካኤል፣ 21ን ለማርያም ትዘክር ነበር። እኛ ጌታን ስናገኝ ቀን መቁጠር ቀረልን ስንል ከኒውዮርክ ሌላ ስንክሳር መጣልን" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ገላትያ 4ን አነሣን፤ ሮሜ 14ን አነሣን፤ ቀንን የሚያከብር ለጌታ ብሎ እስካከበረ ድረስ ችግር የለውም ብለን ተስማማን። ኅዳር 10 የዓለም የመጸዳጃ ቤት ቀን መሆኑን ስናይ ደግሞ ሳቃችን ባሰ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2013 ያጸደቀው ቀን ነው ብለው ልጆቹ ሊያስረዱን ሞከሩ። በቤተ ክርስቲያን ገጽ ላይ ይህ አይሆንም ብለን በእስክሪብቶ ሰረዝነው። 62 ቀረ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጸልየን ዕቅዱን አጸደቅን።

ኅዳር 24 ቀን 2017 ማክሰኞ ዋለ። ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1992 የደነገገው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፖስተራችን ወጣ። ፎቶው ከኢንተርኔት የተወሰደ ነው፤ አንድ የውጭ አገር ሰው ዊልቸር ላይ ተቀምጦ፣ ከበስተጀርባው ጀንበር ስትጠልቅ፣ ፈገግ ብሏል። በላዩ ከ2ኛ ሳሙኤል 9 ስለ ሜምፊቦስቴ የሚናገረው ጥቅስ ተጽፎበታል፤ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆነው ሳለ ንጉሡ አስመጥቶ ከገበታው ስላስቀመጠው ሰው። ከሥሩ "በጌታ ማዕድ ሁላችንም እኩል ነን" የሚል ጽሑፍና የቤተ ክርስቲያናችን ዓርማ። እስከ ቀትር ድረስ ከዚያ በፊት ካወጣነው ሁሉ የበለጠ ላይክ አገኘ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ከሥሩ ጻፈች።

"ጌታ ይባርካችሁ። ፎቶው ላይ ያለው ወንድም እኛ ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ 22ቱን ደረጃ በምን ይወጣዋል? የኔ ልጅ ከቀረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።"

የምንሰበሰብበት አዳራሽ በኪራይ የያዝነው ነው፤ አንደኛ ፎቅ ላይ። ሊፍት የለውም። ደረጃው 22 መሆኑን እኛ አናውቅም ነበር። በኋላ ቆጠርነው፤ ልክ ናት።

ገጹን የሚጠብቀው ልጅ ደወለልን። "ምን ብዬ ልመልስ?" አለ። "ለጊዜው ደብቀው፣ በኋላ እንነጋገርበታለን" አልነው። "እኚህን እናት እኮ አውቃቸዋለሁ" አለን። "እኛም እናውቃታለን፤ ደብቀው" አልን። የፌስቡክ አሠራር እንዲህ ነው፤ ኮሜንት ሲደበቅ የጻፈው ሰውና ጓደኞቹ ማየታቸውን ይቀጥላሉ፣ ሌላው ሕዝብ ግን አያየውም። ጻፊዋ ቃሌ አለ ብላ ትቀመጣለች፤ ሌላው ምንም እንዳልተባለ ያስባል። ሐናንያና ሰጲራ እንዲህ ያለ ቁልፍ አልነበራቸውም። "በኋላ" ያልነው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ሌሎች ፖስተሮች በሰዓታቸው ወጡ፤ ከእነርሱ አንዱ ታኅሣሥ 1 ስለ ሰብዓዊ መብቶች ቀን የሚናገር ነበር።

ታኅሣሥ 3 ማታ ቤቷ ሄድን። ስለ ኪራይ ውላችን፣ ስለ ባለ ሕንፃው፣ ስለ በጀታችን የምንለውን አዘጋጅተን ነበር። ቡና አፈላችልን። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለን ነበር። ስኒውን እያቀረበች መጀመሪያ ያለችው "ደበቃችሁት አይደል?" ነው። የወንድሟ ልጅ በራሱ ስልክ ፈልጎ ሲያጣው ነግሯት ነበር። አዎን አልን። ይቅርታ ጠየቅን። ያዘጋጀነውን ማብራሪያ አልጀመርነውም።

"አደጋው ከደረሰበት በኋላ" አለችን፣ "በመጀመሪያው ወር አራት ወጣቶች ከታች ይጠብቁት ነበር። ከነዊልቸሩ ያወጡታል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ ሦስት ሆኑ። ከዚያ ሁለት ሆኑና አላፊ አግዳሚ እስኪያግዘን በር ላይ እንጠብቃለን። አንድ እሑድ መዝሙሩ አልቆ ስብከት ሲጀመር እኛ ገና ከታች ነበርን። 'እማዬ፣ ቤት እንሂድ' አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንሂድ ብዬ ጠይቄው አላውቅም።"

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ተሸክመው በጣሪያ ስላወረዱት ሽባ በዚያ አዳራሽ ስንት ጊዜ እንደ ሰበክን አናውቅም። የአራቱን እምነት ሁልጊዜ እናደንቃለን። በሁለተኛው ሳምንት ስንት ሆነው ይመጡ እንደ ነበር ወንጌሉ አይነግረንም፤ ሰውዬው አልጋውን ተሸክሞ በእግሩ ስለ ሄደ አላስፈለገም።

ልጁ በውስጠኛው ክፍል ነበር። ወጥቶ ሰላም አላለንም፤ እኛም አልጠራነውም። ጸልየን ልንነሣ ስንል ድምፁ ከውስጥ መጣ። "ፓስተር፣ የእሑዱ ላይቭ ድምፁ ጥሩ አይደለም። የኳየሩ ይጮኻል፣ የእርስዎ አይሰማም።" በቀጥታ ሥርጭታችን ላይ በየእሑዱ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ሰው እንደሚያየን ቁጥሩ ይታየናል። ከቁጥሩ አንዱ እርሱ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ወገኖች፣ ከዚያ ቤት ወጥተን ሁሉን አስተካከልን ብንላችሁ ደስ ባለን። አላስተካከልንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ ተነሣ። ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ ለመሥራት ባለ ሕንፃውን ጠየቅነው፤ ቦታ ይይዝብኛል ብሎ እምቢ አለ። መሐንዲስ የሆነ ወንድማችን ሲያሰላልን ደግሞ ያን ያህል ከፍታ ሰው ሳይገፋው በእጁ እየነዳ የሚወጣበት መወጣጫ 45 ሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋል፤ ግቢው ያን ያህል የለውም። "እንጸልይበት" አልን። በእኛ ቤት "እንጸልይበት" ማለት አንዳንድ ጊዜ መጸለይ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከኮሜንቱ መደበቅ እምብዛም አይለይም።

ዕቅዱ ግን ሥራውን ቀጠለ። ፖስተሮቹ አስቀድመው ተሠርተው፣ ቀናቸውንና ሰዓታቸውን ጠብቀው በራሳቸው እንዲወጡ ተሞልተው ነበር፤ ቴሌግራምም ፌስቡክም ይህን ይፈቅዳሉ። ልጆቹ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ስላለባቸው እስከ ሰኔ ድረስ ያለውን በአንድ ሳምንት ጨርሰውት ነበር። እኛም ትጋታቸውን አመስግነናል።

መጋቢት 11 ቀን 2017 ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ማታ፣ ሕፃናትን ለብዙ ዓመት ያስተማረች እህታችን አረፈች። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ የቀብሩን ሰዓት በቻናላችን አሳወቅን። ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከለቅሶ ማስታወቂያው ሥር ቢጫ ፖስተር ወጣ። ትልቅ የሚስቅ ፊት አለው። "ዛሬ ዓለም አቀፍ የደስታ ቀን ነው! ፈገግ በሉ፣ ጌታ ይወዳችኋል!" ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወሰነው ቀን ነው፤ ጉባኤው ምን ያድርግ።

ባለቤቷ ድንኳን ውስጥ ስልኩን ሲያይ አጠገቡ ነበርን። አነበበው። ስልኩን ደፍቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ምንም አላለም። እስከ ዛሬም አላነሣውም። ፖስተሩን የሠራችው ልጅ እንደ ሰማች አጠፋችው፤ ነገር ግን ቴሌግራም ስንት ሰው እንዳየው ይቆጥራልና ከ140 በላይ ሰው አይቶታል። ከቀብር መልስ ግቢው ጥግ ቆማ ስታለቅስ አገኘናት። "ጥፋቱ የኔ ነው" ትላለች። የእርሷ አልነበረም። ያን ዕቅድ በሃያ ደቂቃ ያጸደቅነው እኛ ነን፤ በዚያ ላይ ከኅዳር ወዲህ ልናየው ይገባን ነበር።

በዚያው ሳምንት ያ ሽማግሌ ስለ አያቱ የቀለደውን ራሱ መልሶ አነሣው። አሁን አልሳቀም። "አያቴ 12 ሊደርስ ሲል ጠላ ትጠነስሳለች፣ ዳቦ ትደፋለች። በቀኑ ጎረቤት ይጠራል፤ በር ላይ ለቆመው ሁሉ ይሰጠዋል። እኛ ልጆቹ የምንበላው ነዳያኑ ከበሉ በኋላ ነው። በመልአኩ ስም መዘከሯን ዛሬ አልቀበለውም። ሰው ሳይበላ ያለፈ ዝክር ግን አላስታውስም" አለ። አማርኛችን "ዘከረ" ሲል ማሰብንም ማብላትንም በአንድ ቃል ይዟል። እኛ ማሰቡን ይዘን ዳቦውን አስቀርተነው ነበር።

በነገረ መለኮት ኮሌጅ ዘሌዋውያን 23ን የተማርነው እንደ በዓላት ሰንጠረዥ ነው። ፋሲካ፣ የቂጣ በዓል፣ በኵራት፣ የሰባቱ ሱባዔ፣ መለከት፣ ማስተሰረያ፣ ዳስ፤ ለፈተና በቃል አጥንተነዋል። ቁጥር 22 በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እዚያ ላይ እግዚአብሔር የበዓላቱን ዝርዝር በመሃል ያቋርጥና ስለ አጨዳ ይናገራል፤ የእርሻው ዳር ሳይታጨድ ለድሃውና ለመጻተኛው እንዲተውለት ያዝዛል። ከዚያ ወደ በዓላቱ ይመለሳል። ትእዛዙ በምዕራፍ 19 ቀድሞ ስለ ተሰጠ በክፍል ውስጥ ድግግሞሽ ነው ብለን አልፈነዋል። አሁን ሳነበው፣ ይቅርታ፣ ስናነበው፣ ቦታው አስገረመን። እግዚአብሔር ለሕዝቡ የቀን መቁጠሪያ ሲሰጥ የእርሻ ዳርን ከበዓል እኩል መሃሉ ላይ አስቀመጠ።

ቅዳሜ ዕለት ከሚዲያ ልጆቹ ጋር ተቀመጥን። ዝርዝሩን እንደ ገና አተምነው። የጥቅሱንና የፖስተር ሠሪውን ዓምድ አወጣንና አንድ ጨመርን፤ "ይህ ቀን በእኛ መካከል የማን ነው?" የሰው ስም ያልተገኘለት ቀን ይሰረዛል።

አራት ሰዓት ፈጀብን። በመስከረም 21፣ በአረጋውያን ቀን፣ ወዲያው የሦስት እናቶች ስም ተጠራ፤ ከእነርሱም አንዷን ከገና ጀምሮ ማንም ሄዶ እንዳላያቸው ያን ጊዜ ታወቀ። በመስከረም 30፣ በአእምሮ ጤና ቀን፣ ዝም ተባለ። ልጆቹ ሊሰርዙት ሲሉ ከእኛ ከሽማግሌዎቹ አንዱ "የእኔ ብላችሁ ጻፉ" አለ። ሦስት ዓመት መድኃኒት ሲወስድ ከሚስቱ በቀር ያወቀ አልነበረም፤ በየሳምንቱ አጠገቡ የምንቀመጠውም እኛ አላወቅንም። እስክሪብቶ የያዘው ልጅ እጁ ቆመ። "ጻፍ እንጂ" አለው። ከዚያ ተነሥተን በዙሪያው ቆምን። ስለ ፖስት የተጀመረው ስብሰባ ግማሽ ሰዓት ያህል ሌላ ነገር ሆነ።

ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው። ይህ ቀን ከኋላው ደም አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በደቡብ አፍሪካ፣ በሶዌቶ፣ በግድ በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው የወጡ ተማሪዎች የተገደሉበት ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ነው መታሰቢያ ያደረገው። ልጆቹ ስለ ሶዌቶ አንድ ረጅም ጽሑፍ አዘጋጅተው ነበር። "በእኛ መካከል የማን ነው?" ሲባል ግን በግቢያችን በር ላይ ሊስትሮ የሚሠሩት ሁለት ወንድማማቾች ትዝ አሉን። ጫማችንን እሑድ እሑድ ያስተካክሉልናል። ስማቸውን ከእኛ አንድም ሰው አያውቅም ነበር፤ ወጥተን ጠየቅናቸው።

የመበለቶች ቀን በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። በሐዋርያት ሥራ 6 የዕለት ማዕድ ሲታደል ቸል ስለ ተባሉት መበለቶች ስንነጋገር አንዷ ልጅ በስልኳ ፈልጋ አገኘችው፤ ሰኔ 16። አሥራ አንድ ስም ተጻፈ። የቸኮሌት ቀን ያለ ክርክር ወጣ። መጋቢት 11ን ማንም ሊነካው አልፈለገም፤ ዝም ብሎ ተዘለለ።

በኅዳር 22፣ በኤድስ ቀን፣ ሁሉም በልቡ ስም ነበረው፤ ማንም ግን አላወጣውም። በዚያ በሽታ በየሳምንቱ እንቀብር በነበረበት ዘመን ከመድረክ ላይ ምን እንል እንደ ነበር ከእኛ በዕድሜ የገፋነው እናስታውሳለን። ያን የፍርድ ቃል የሰማ ሰው ዛሬ ቀይ ሪባን ለጥፈን ቢያይ አያምነንም፤ አይፈረድበትምም። ስለዚህ በዚያ ቀን ፖስተር እንዳይወጣ ተስማማን። በመካከላችን መድኃኒቱን የሚወስዱትን አንድ ሽማግሌ ብቻ ያውቃቸዋል፤ እርሱ በዚያ ሳምንት ሄዶ አብሯቸው ቡና ይጠጣል። በወረቀቱ ላይ የስሙ ቦታ ባዶ ቀረ፤ ቀኑ ግን አልተሰረዘም።

ነገሩ በዚህ ከቀጠለ ሚዲያውን ጨርሰን ለምን አንተወውም ያሉ ነበሩ። ያስቆማቸው ታኅሣሥ 9 ነው፤ የፍልሰተኞች ቀን ይባላል። ከእናቶቻችን ሰባቱ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ናቸው፤ ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ኩዌት። ከሚዲያ ልጆቹ አንዷ በቴሌግራም የደረሰ መልእክት አነበበችልን። ቤይሩት ያለች እህት "ቪዲዮው ኢንተርኔት ይበላብኛል። የስብከቱን ድምፅ ብቻ ላኩልን፤ ማዳሜ ከተኛች በኋላ በኢርፎን እሰማዋለሁ" ብላ ጽፋ ነበር። መልእክቱ ከተጻፈ ሰባት ወር ሆኖታል። መልስ አላገኘም፤ በዕቅዳችን ውስጥ መልስ የሚባል ዓምድ አልነበረም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእሑዱ ስብከት ድምፅ ብቻ ሆኖ፣ ፋይሉ አንሶ፣ ማታ ይላካል። ዘንድሮ ታኅሣሥ 9 ሲደርስ ሰባቱ እናቶች አብረውን ከጸለዩ በኋላ እያንዳንዳቸው ለልጃቸው በስልክ ድምፃቸውን ቀዱ። በቻናላችን ላይ ምንም አልወጣም፤ ለየልጆቻቸው ብቻ ተላከ። አንዷ እናት አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገሩ፤ ሁለቱ ደቂቃ ጸሎት ነው፣ የቀረው ስለ ጎረቤት ሠርግና ስለ ሽንኩርት ዋጋ። ልናሳጥርላቸው ብለን ነበር፤ ጌታ ከለከለን። ልጃቸው ሌሊቱን መለሰች። የሠርጉን ደግማ እንድትሰማው ማን ምን እንደ ለበሰ እንዲጨምሩላት ጠየቀች።

ከ62ቱ 19 ቀኖች ቀሩ። አሁን ሥራችን ቀለል ያለ ነው። ቀኑ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ስሙ የተጻፈለት ሰው ዘንድ ይኬዳል። የሚለጠፍ ነገር ካለ ከዚያ በኋላ ይለጠፋል፤ ብዙ ጊዜ የለም። ከኢንተርኔት የሰው ፎቶ አንወስድም፤ የረዳነውንም ሰው ፎቶ አናነሣም። ከፕሮግራም ሰዓት በቀር በራሱ የሚወጣ ፖስት የለንም፤ የነቃ ሰው፣ በዚያ ጠዋት ማን እንዳረፈና ማን እንደ ታመመ የሚያውቅ ሰው፣ በእጁ ይልከዋል። ገጹን የሚከተለው ሰው ቁጥር ቀንሷል። ይህ አንዳንዶቻችንን አሁንም ይከነክነናል፤ ከእኛ ውስጥ በየማለዳው ቁጥሩን ከፍቶ የሚያይ አለ።

ደረጃውን በተመለከተ፣ ከሕንፃው ሥር ከመንገዱ እኩል የሆነ ሰፊ ክፍል አለን። ዕቃ እናስቀምጥበታለን፣ ሕፃናትም ይማሩበታል። ለአምልኮ አስበነው የማናውቀው አይመጥነንም ብለን ነው፤ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ነው፣ የሚይዘውም 120 ሰው ብቻ ነው። ከጥቅምት 2018 ጀምሮ የእሑድ ጉባኤያችን እዚያ ሆነ፣ በሁለት ፈረቃ። ሕፃናቱ ወደ ላይ ወጡ፤ 22ቱን ደረጃ ሮጠው ነው የሚጨርሱት። ያጉረመረሙ አሉ። ኳየሩ ቦታ ጠበበው። ሁለት ቤተሰብ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ መስበክም በእኛ ዕድሜ ይደክማል።

ልጁ በሦስተኛው እሑድ መጣ። ማንም እንዳያጨበጭብ አስቀድመን ለምነን ነበር። መዝሙር ላይ ገባ፤ ዊልቸሩን ሚክሰሩ አጠገብ አቆመ፤ ድምፁን ለሚቆጣጠረው ልጅ አንድ ሁለት ነገር አሳየው። ስብከቱ ሳያልቅ ወጣ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። ስብከታችን ረዝሞበት ይሆናል አልንና አሳጠርን። አሁንም ስብከቱ ሳያልቅ ይወጣል። ቅር ያለው ነገር ቢኖር ነው ብለን ተጨነቅን፤ ለመጠየቅ ግን አፈርን።

ዘንድሮ ኅዳር 24 ረቡዕ ዋለ። ከእርሱ በፊት በነበረው እሑድ ያቺ ፖስተር የምትሠራው ልጅ ልጁ ሊወጣ ሲል ደረሰችበትና "ለረቡዕ ምን እንለጥፍ? አንተ ንገረን" አለችው። ጥቂት አሰበ።

"ምንም አትለጥፉ" አላት። "የሽንት ቤቱ በር ይጠባል፤ ዊልቸሩ አይገባም። ቶሎ የምሄደው ለዚህ ነው።"

ረቡዕ ዕለት ሜትር ይዘን ሄድን። በሩ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዊልቸሩ 66። ውስጡም መዞሪያ የለውም። መሃል ያለችውን ግድግዳ ለማፍረስ ባለ ሕንፃውን ማስፈቀድ ነበረብን፤ በዚህኛው እሺ አለ። ልጅቷ ያን ዕለት ማታ ኅዳር 10ን ወደ ዝርዝሩ መልሳ አስገባችው፤ ከጎኑ የልጁን ስም ጻፈች። ግንበኛው ቅዳሜ መጥቶ ግድግዳዋን አፈረሰ። ሰፊው በር ገና አልተገጠመም፤ ለጊዜው መጋረጃ ሰቅለንበታል።